ወደ ኪነሬት በባቡር ወይስ በኪራይ መኪና?



የትምህርት ቤቶች ዕረፍት በተቃረበ ቁጥር በካርሜ ጋት በምንኖር ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልጆች «ወደ ኪነሬት እንሂድ» ይላሉ። አባት የወሩን ሒሳብ ያሰላል። እናት ደግሞ «እማማስ ከማን ጋር ይቀመጣሉ?» ትላለች። በመጨረሻም ክርክሩ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይጠቃለላል፦ በራኬቬት እንሂድ ወይስ መኪና እንከራይ?

ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። እኛ ግን በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ላይ የተሰማራን እንደመሆናችን፣ ከዚህ ምርጫ የተነሣ ሽማግሌዎች ከቤት ሲቀሩ፣ የሦስት ቀን መዝናኛ ደግሞ የሦስት ወር ዕዳ ሲሆን አይተናል። ስለዚህ ሦስት ባልደረቦች ከየቤተሰቦቻችን ጋር ሆነን፣ እናቶቻችንንና ልጆቻችንን ይዘን፣ ባለፉት ሁለት የበጋ ዕረፍቶች ሁለቱንም መንገድ ሞክረናል። አንዱን ዓመት በባቡር፣ ሌላውን ዓመት በኪራይ መኪና ሄደናል። ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

መንገዱ

ከቂርያት ጋት እስከ ጥብርያ ያለው የመኪና መንገድ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህም ከጎንደር ባሕር ዳር ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። ይህንን በነገርናቸው ጊዜ ከእናቶቻችን አንዷ «በእግር ስንት ቀን ያስኬዳል?» ሲሉ ጠየቁን። በሱዳን በኩል በእግር የመጣ ሰው ርቀትን የሚለካው በሰዓት ወይም በገንዘብ ሳይሆን በቀንና በውሃ ነው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢታሰብ ስድስት ቀን ይሆናል አልናቸው። «እንግዲያውስ ቅርብ ነው» አሉ።

ስለ ኪነሬትና ስለ ባቡር ሲነሣ ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። በቱርኮች ዘመን ባቡር እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 የተመረቀው የሸለቆ ባቡር ከሃይፋ ተነሥቶ፣ በአፉላና በቤት ሸዓን አልፎ፣ ከኪነሬት ደቡባዊ ጫፍ ጸማሕ ይደርስና ወደ ዳርዓ ይቀጥል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 በ«የድልድዮች ሌሊት» ድልድዩ በፈነዳ ጊዜ መስመሩ ወደ ምሥራቅ ተቆረጠ፤ ከዚያም ሸለቆው ለብዙ ዓመታት ያለ ባቡር ቀረ። የጸማሕ አሮጌ ጣቢያ ታድሶ ዛሬ በኪነሬት ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይታያል።

አዲሱ የሸለቆ ባቡር በጥቅምት ወር 2016 እንደገና ተከፈተ። የሚገርመው፣ አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም የተመረቀው በዚያው ዓመትና በዚያው ወር ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ የሸለቆ ባቡር የሚያበቃው ቤት ሸዓን ላይ ነው። ከዚያ እስከ ሐይቁ ያለውን መንገድ በአውቶቡስ ወይም በሞኒት መጨረስ ግድ ነው። የምርጫው ችግር ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

በባቡር የሄድን ጊዜ

በባቡር ለመሄድ የመረጥነው ማክሰኞ ቀን ነበር። እሑድ ጧት ባቡሩ ወደ ጦር ሰፈራቸው በሚመለሱ ወታደሮች ስለሚጨናነቅ፣ ሽማግሌ ይዞ የሚጓዝ ሰው እሑድን ቢተው ይሻለዋል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ደግሞ ባቡር እንደማይሠራ ሁላችንም እናውቃለን።

ከቂርያት ጋት ተነሥተን፣ የላኪሽን እርሻዎች በግራና በቀኝ እያየን፣ ሎድን አልፈን ቴል አቪቭ ደረስን። ከቴል አቪቭ በኋላ ወደ ሰሜን ሲኬድ፣ ሃይፋ ከመድረሱ በፊት ባሕሩ በስተግራ በኩል ይታያል። እንደ ዕለቱ መርሐ ግብር ቴል አቪቭ ላይ ወይም ሃይፋ ላይ ባቡር መቀየር ያስፈልጋል። ከአንዱ ራጺፍ ወደ ሌላው ለመሻገር ደረጃ ወይም ሊፍት አለ። ጉልበታቸው ለደከመ ሰዎች ይህ ከጉዞው ሁሉ ከባዱ ክፍል ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወይም ርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ካለ አስቀድሞ ለምድር ባቡር ድርጅቱ ቢያስታውቅ ሠራተኞች ይረዱታል። ይህን መብት ከእኛ ወገን የሚጠቀምበት ጥቂት ሰው ነው።

ከሃይፋ ወደ ቤት ሸዓን ያለው ጉዞ ግን ድካሙን ያስረሳል። ባቡሩ የኢዝራኤልን ሸለቆ እየሰነጠቀ ሲሄድ በስተግራ የታቦር ተራራ፣ በስተቀኝ የጊልቦዓ ተራሮች ይታያሉ። አራት መቀመጫዎች ፊት ለፊት በሚተያዩበት ቦታ ተቀምጠን ሳለ፣ ታቦር መሆኑን ለእናታችን ነገርናቸው። እርሳቸውም ስለ ዲቦራና ስለ ባርቅ፣ ሠራዊቱ ከዚህ ተራራ እንዴት እንደ ወረደ ማውራት ጀመሩ። ጊልቦዓ ሲደርስ ደግሞ ስለ ሳኦልና ስለ ዮናታን ነገሩን። ሬሳቸውን ጠላት የሰቀለው በቤት ሸዓን ቅጥር ላይ ነው አሉ። የልጅ ልጃቸው ያን ቦታ በዕብራይስጥ በትምህርት ቤት ተምሮታል። ከእርሳቸው አፍ በአማርኛ ሲሰማው ግን የመጀመሪያው ነበር። ያልገባውን ቃል እኛን እየጠየቀ፣ እኛም እያስተረጐምን፣ ሁለቱ ያለማቋረጥ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ተነጋገሩ።

በሥራችን ሁልጊዜ የምንሰማው ቅሬታ «ልጆቹ አያናግሩኝም» የሚል ነው። ልጆቹ ደግሞ «ምን ብዬ ላናግራቸው?» ይላሉ። በዚያ ባቡር ውስጥ ማንም አላስገደዳቸውም። ተቀምጠው ተያዩ፣ መስኮቱም የሚወራ ነገር ሰጣቸው።

ቤት ሸዓን ስንደርስ ሙቀቱ ከበድ ያለ ነበር። አካባቢው ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ በበጋ ቀን ያቃጥላል። አውቶቡሱን እስክናገኝ በጥላ ሥር ቆይተን፣ ከዚያ ተሳፍረን ጥብርያ ገባን። ከቤታችን ከወጣንበት ጊዜ ጀምሮ እስክንደርስ ድረስ አምስት ሰዓት ገደማ ፈጅቶብናል። ባቡሩን እስከ ቴል አቪቭ ብቻ ተጠቅሞ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጥብርያ በሚሄድ አውቶቡስ መቀጠልም ይቻላል። ይህኛው ያጥራል፤ የሸለቆው ባቡር ግን ይቀራል።

ወጪን በተመለከተ፣ የባቡርና የአውቶቡስ ዋጋ ከ2022 ወዲህ የሚታሰበው በአየር ላይ ባለው ርቀት መጠን ነው። ዕድሜያቸው ለነፃ ጉዞ የደረሰ ሽማግሌዎችና ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት አይከፍሉም። ለአረጋውያን ግን በስማቸው የወጣ ራቭ ካቭ ያስፈልጋል። ካርዱ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዘ መሆኑን፣ የዕድሜ መብታቸውም በላዩ መመዝገቡን ከጉዞው በፊት ማረጋገጥ ይገባል። ብዙ እናቶቻችን መብቱ እያላቸው ካርዱ ስለሌላቸው ይከፍላሉ።

በኪራይ መኪና የሄድን ጊዜ

በሚቀጥለው ዓመት ባለ ዘጠኝ መቀመጫ መኪና ተከራየን። መደበኛው የግል መኪና መንጃ ፈቃድ ከሾፌሩ ሌላ ስምንት ሰው ለመያዝ ስለሚፈቅድ፣ ሁለት ቤተሰብ በአንድ መኪና መሄድ ይችላል። ከቤታችን በር ተነሥተን መንገድ 6ን ይዘን፣ በዋዲ ዓራ በኩል ወደ አፉላ፣ ከዚያም በጎላኒ መስቀለኛ መንገድ ወደ ጥብርያ ወረድን። ሳይቆሙ ከሁለት ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ሊደረስ ይቻላል። እኛ ግን ለመድኃኒት፣ ለመጸዳጃና ለዳቦ ስንቆም ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነብን። ያም ቢሆን ከባቡሩ ይፈጥናል። እናቶቻችን አንድም ደረጃ አልወጡም፣ አንድም ሻንጣ አልተሸከሙም። በፈለጉበት መውረድ ይቻላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን የኪራይ መኪና ዋጋ በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ብቻ አይደለም። አንባብያን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ይህንን ነው።

በመጀመሪያ፣ ቱሪስት ከማዓም ነፃ ነው፤ የአገሩ ነዋሪ ግን ይከፍላል። ማዓም ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል። ሁለተኛ፣ ዕድሜው ከ24 በታች የሆነ ወይም መንጃ ፈቃዱን በቅርቡ ያወጣ ሾፌር ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ይጠየቃል፤ አንዳንድ ቦታም ጭራሽ አይሰጠውም። ሁለተኛ ሾፌር ማስመዝገብም ሊያስከፍል ይችላል። ሦስተኛ፣ መንገድ 6 በከፊል የክፍያ መንገድ ነው። በር ላይ ቆሞ የሚቀበል ሰው ስለሌለ፣ ካሜራ የመኪናውን ቁጥር ያነባል። ሒሳቡም ለአከራዩ ይሄዳል። አከራዩ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ ከካርዳችሁ ላይ ይወስዳል።

አራተኛውና ዋናው መያዣው ነው። አከራዩ ከሾፌሩ የክሬዲት ካርድ ላይ ብዙ ገንዘብ ይይዛል። ገንዘቡ ባይወሰድም ከካርዱ ገደብ ላይ ይቀነሳል። በወሩ መጨረሻ ገደቡ የሞላ ቤተሰብ በዚያ ሳምንት ምግብ ለመግዛት ካርዱን ሲያወጣ አይሠራለትም። አደጋ ወይም ጭረት ከደረሰ ደግሞ ሂሽታትፉት ዐጽሚት የሚባለው፣ ማለትም ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውና ተከራዩ ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ አለ። ይህ ድርሻ ስንት እንደሆነ ሳይጠይቁ ውሉን መፈረም አይገባም። ዕብራይስጡ ለከበደው ሰው፣ የሚያነብ ልጅ ወይም ጎረቤት ይዞ ይሂድ። «እዚህ ላይ ፈርሙ» ማለት «ይህን አውቄአለሁ» ማለት መሆኑን አንርሳ።

እኛም መኪናውን በመለስን ጊዜ፣ በበሩ ላይ ያለ ጭረት የእኛ ነው ተባልን። ደግነቱ መኪናውን ስንረከብ አራቱንም ጐን፣ ጣሪያውንና ጐማዎቹን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተን ነበር። ፎቶግራፉ ቀንና ሰዓት ስለነበረው፣ ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ገንዘቡ ተመለሰ። ፎቶግራፍ ያላነሣ ሰው ግን ምን ብሎ ይከራከራል?

ስለ ሰንበትም አንድ ቃል እንበል። ብዙ አከራዮች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዘግተው እሑድ ይከፍታሉ። ሐሙስ የተከራየ መኪና ቅዳሜን ቆሞ ይውላል፣ ኪራዩ ግን አይቆምም። ሰንበትን ለሚያከብር ቤተሰብ ከሰኞ እስከ ረቡዕ መሄድ ይረክስለታል።

ሌላም የታዘብነው አለ። የሚነዳው ሰው መንገዱን እንጂ አገሩን አያይም። እናታችን ከሾፌሩ ጐን በክብር ተቀመጡ፣ ልጆቹ ግን ከኋላው ረድፍ ሆነው ስልካቸውን ይዘው ዋሉ። ታቦርን ስናልፍ እናታችን አሁንም አሳዩ። ከኋላ የሰማቸው የለም።

ከሐይቁ ዳር

ኪነሬት ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ በዓለም ላይ ካሉት የጨው አልባ ሐይቆች ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ፣ ርዝመቱ ከ80 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የደምቢያ ተወላጅ የሆኑት እናታችን ኪነሬትን ከዳር እስከ ዳር አይተው ሲያበቁ፣ «ማዶው ይታያል እኮ!» አሉ። ጣናን ያየ ሰው ኪነሬትን ባሕር ማለት ይከብደዋል።

ዓሣው ግን አገናኛቸው። በጥብርያ «አምኑን» ተብሎ የሚሸጠው ዓሣ የጣናው የቆሮሶ ዘመድ ነው። ቅርፊት ስላለው ይበላል። ቅርፊት የሌለው የአምባዛ ዘመድም በኪነሬት ውስጥ አለ። እናታችን ይህን ለልጆቹ ሲያስረዱ፣ በደምቢያም የትኛው እንደሚበላና የትኛው እንደማይበላ በትንሽነታቸው መማራቸውን ነገሯቸው።

ይህ ውሃ ለእኛ ለደቡብ ሰዎችም እንግዳ አይደለም። ከ1964 ጀምሮ ብሔራዊው የውሃ መስመር ከኪነሬት ወደ ደቡብ ሲያወርደው ኖሯል።

ተሽከርካሪ ላላቸው አንድ ማስታወሻ፦ በብዙዎቹ የኪነሬት ዳርቻዎች የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ነው። በአውቶቡስ ለመጣ ሰው ይህ ወጪ የለም። በሌላ በኩል መኪና ያለው ሰው ሙቀቱ ሲበረታ ሽማግሌውን ቶሎ ወደ ማዝጋን ያደርሳል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸው ወላጆች ይዘን ስንሄድ ይህ ከክፍያው ይበልጣል።

የሌላ አገር ሐይቆች

አንዳንድ ወጣቶቻችን ወደ ጣልያን ሐይቆች ለመሄድ ሲያስቡ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቁናል። እዚያ መልሱ ሌላ ነው። ከሚላኖ ዋና ጣቢያ ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ገደማ ኮሞ ሐይቅ ዳር ቫሬና የሚያደርስ ባቡር አለ። ከጣቢያው በእግር ወርዶ ጀልባ ይዞ ወደ ቤላጆ መሻገር ይቻላል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአሮጌዎቹ ከተሞች መሐል ደግሞ ፈቃድ የሌለው መኪና እንዳይገባ ካሜራ ይጠብቃል። ቅጣቱ ከወራት በኋላ እስከ ቤት ሊመጣ ይችላል። ለመንዳት ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ያስፈልጋል። ስለዚህ ለሁለት ወጣቶች እዚያ ባቡር ይሻላል። በጣና በኩል ደግሞ ባቡር ስለሌለ፣ ምርጫው በአውቶቡስና ከነሹፌሩ በሚከራይ መኪና መካከል ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ መመዘኛው ባቡሩ የት ላይ ያበቃል የሚለው መሆኑን ነው። ውሃው ዳር የሚያደርስ ከሆነ መኪና አያስፈልግም። ከውሃው ርቆ የሚያበቃ ከሆነ ግን የቀረውን መንገድ ማን ይሄድበታል ብሎ መጠየቅ ይገባል፦ ጉልበት ያለው ወጣት ነው ወይስ የ80 ዓመት እናት?

እንግዲህ የትኛው ይሻላል?

ለሁለትና ለሦስት ወጣቶች፣ ባቡርና አውቶቡስ ይበቃል፤ ርካሽም ነው። ሕፃናትና መራመድ የማይችል ሽማግሌ ላለበት ቤተሰብ፣ ሁለት ቤተሰብ ተዳምሮ ባለ ዘጠኝ መቀመጫ መኪና ቢከራይ ይሻላል። ግን የካርዱ ገደብ የሚችል መሆን አለበት። ካርዱ የማይችል ከሆነ ለአንድ ጉዞ ብሎ ገደብ ማስጨመር አንመክርም። የአንድ በጋ ደስታ በክረምት የማሞቂያ ገንዘብ ሊከፈል አይገባም።

ከሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ። ለዘንድሮው ጉዞ ተሰብስበን በተመካከርን ጊዜ፣ ወንዶቹ አብዛኞቻችን ለመኪናው ነበርን። እናቶቻችንን ስንጠይቅ ግን ሁለቱ ባቡሩን መረጡ። ደረጃውስ ቢባሉ፣ «ደረጃውን ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ፤ በመኪናው ግን የልጆቹን ማጅራት እንኳ አላየሁም፣ እነሱ ከኋላ እኔ ከፊት» አሉን አንዷ። ሦስተኛዋ እናታችን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መኪናውን ፈለጉ። የሁሉንም ቃል ሰምተን የወሰንነው እንዲህ ነው፦ እስከ ቤት ሸዓን በባቡር፣ ርዳታውን አስቀድመን አዝዘን እንሄዳለን። ከጣቢያው እስከ ሐይቁ ደግሞ ከነሹፌሩ ትልቅ ሞኒት ተነጋግረን ይዘናል። ዋጋው ለዘጠኝ ሰው ሲካፈል የሚከብድ አልሆነም። መያዣ የለም፣ ውል የለም፣ የሚነዳም የለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት ለመደገፍ ሁለት ጐረምሶች ተመድበዋል።

ለመጓዝ ያሰበ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት የባቡሩን ሰዓት በዚያው ሳምንት ያረጋግጥ፤ በሥራ ምክንያት አንዳንድ መስመሮች ለጊዜው ይዘጋሉና። የፒኩድ ሃኦሬፍን መመሪያም ይመልከት። የወላጆችን መድኃኒት ለአንድ ቀን በትርፍ ይያዝ፣ ውሃም አይርሳ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ወላጆቹን «ይደክማቸዋል» ብሎ ሳይጠይቃቸው ቤት ጥሎ አይሂድ። ይደክማቸው እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

መልካም ጉዞ እንመኝላችኋለን።